«መጠኔን አውቃለሁ» ይላል፤ መጠኑ ግን ተቀይሯል

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። ታናሽ ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው። የከባድ መኪና ረዳት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት እግሩ ተሰብሮ ትራማዶል የሚባል የህመም ማስታገሻ ታዘዘለት። እግሩ ዳነ፤ መድኃኒቱ ግን አልቀረም። በቀን ሁለት እንክብል የነበረው 12 ደረሰ። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ወድቆ ተንቀጠቀጠ። ጎረቤት ጂን ነው አለ። ከዚያ ወረኢሉ አያታችን ጋ ወሰድነው። ሰባት ሳምንት አንዲት ፍሬ ሳይወስድ ቆየ። ዱዓም ተደረገለት። አሁን ተመልሷል፣ ፊቱም ወዝ አውጥቷል። ግን እግሬን ያመኛል ይላል። ‹ሲያመኝ ብቻ ነው የምወስደው፣ መጠኔን አውቃለሁ፣ ሰውነቴ ስለለመደው አይጎዳኝም› ይለኛል። ፋርማሲ የሚሠራ አንድ ልጅም ትራማዶል እንደ ሞርፊን አይደለም፣ ቀላል ነው አለኝ። ሰውነቱ ከጸዳ በኋላ አልፎ አልፎ ቢወስድ ችግር አለው?»

ምላሽ፦

አዎ፣ ችግር አለው። ወንድምሽ የድሮውን ያህል አንድ ምሽት ቢወስድ፣ በየቀኑ 12 ይውጥ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ዛሬ ነው የሚያሰጋው። ይህን በቀጥታ የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ቤተሰብ «አለፈልን» ብሎ የሚዘናጋበት ሳምንትና ሰው በእንቅልፉ የሚቀርበት ሳምንት ብዙ ጊዜ አንድ ነው።

«ሰውነቴ ለምዶታል» ያለው ከሰባት ሳምንት በፊት እውነት ነበር። አሁን እውነት አይደለም። የሚያውቀው መጠን የዚያን ጊዜው ሰውነቱ መጠን ነው። ያ ሰውነት ወረኢሉ ላይ ቀርቷል።

መጀመሪያ «ቀላል ነው» የተባልሽውን ላርመው። ትራማዶል ከሞርፊን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ኮዴይንም፣ ፔቲዲንም፣ ሄሮይንም እዚያው ውስጥ ናቸው። ኦፒዮይድ ይባላሉ፤ በአማርኛ በደፈናው «እንደ ኦፒየም ያሉ» ማለት ይቻላል። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1962 ተሠርቶ በ1977 ገበያ ላይ የዋለ መድኃኒት ነው። ሚሊግራም በሚሊግራም ሲመዘን ከሞርፊን ይደክማል፤ ልጁ ያለው እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ግን ወንድምሽ ይወስድ የነበረውን ብዛት አስቢው። ባለ 50 ሚሊግራሙ 12 እንክብል 600 ሚሊግራም ነው። ለአዋቂ በቀን የተፈቀደው ጣሪያ 400 ነው። ጣሪያውን ያለፈ ነገር ቀላል አይባልም።

ትራማዶል ሌላም ጠባይ አለው። ራሱ የሚሠራው ከፊሉን ነው። ሌላውን የሚሠራው ጉበት ወደ ሌላ ነገር ከለወጠው በኋላ ነው። ህመሙን የሚያስታግሰውም፣ እንቅልፍ የሚያመጣውም፣ ትንፋሽ የሚያዳክመውም በዋናነት ያ የተለወጠው ነው። የሰው ጉበት ደግሞ እኩል አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1996 በኢትዮጵያውያን ላይ የወጣ ጥናት ከተመረመሩት 29 በመቶ ያህሉ ይህን ለውጥ የሚያካሂደው ዘረመል በብዛት እንዳላቸው አሳይቷል። በሰሜን አውሮፓ ይህ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ጎረቤትሽ የዋጠው ሁለት እንክብል እና አንቺ የምትውጪው ሁለት እንክብል አንድ ላይሆን ይችላል። «እገሌ ይህን ያህል ወስዶ ምንም አልሆነም» የሚባለውን ወሬ እኛ አገር ማንም ባይሰማው ደስ ይለኛል። ለሕፃናት ደግሞ ጭራሽ አይሰጥም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ መላመዱ። ወንድምሽ የመኪና ሰው ስለሆነ በመኪና ላስረዳ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ አስቢው። ትራማዶል ፍሬን ነው። ህመሙንም፣ ጭንቀቱንም፣ ትንፋሹንም ይይዛል። አእምሮ ደግሞ መኪናው እንዲቆም አይፈልግም። ስለዚህ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር እሱም ነዳጅ ይጨምራል። በየቀኑ ከተረገጠ በየቀኑ ይጨምራል። መድኃኒቱ የሚያርፍባቸው የነርቭ ተቀባዮች እየደነዘዙ ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹም ከነርቩ ገጽ ወደ ውስጥ ይገባሉ። በተቃራኒው የሚያነቃቁት ኬሚካሎች ይበዛሉ። ለዚህ ነው ትናንት በሁለት እንክብል የተገኘው እፎይታ ዛሬ አራት፣ ከወር በኋላ ስምንት የሚጠይቀው። ወንድምሽ ስግብግብ ስለሆነ አይደለም መጠኑ ያደገው። ማንኛውም ሰው በየቀኑ ቢወስደው ሰውነቱ እንዲሁ ያደርጋል።

ፍሬኑ ድንገት ሲለቀቅስ? ነዳጁ እንደተረገጠ ነው። መኪናው ያመልጣል። ሐራራ የምንለው ይህ ነው። ከመጨረሻው እንክብል በኋላ ከግማሽ ቀን እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። ማዛጋት፣ እንባና ንፍጥ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሰውነት መቆረጣጠም፣ ተቅማጥ፣ እግርን ማሳረፍ አለመቻል። ትራማዶል ላይ ሌላም ይጨመራል፦ ድንገተኛ ፍርሃት፣ ኤሌክትሪክ እንደነካው ሰው መንዘር፣ አንዳንዴ ሌላ ሰው የማያየውን ማየት። በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ይከፋል፤ ከዚያ ቀስ እያለ በአንድ ሁለት ሳምንት ይወርዳል። የእንቅልፍ ማጣቱና የሆድ መባባቱ ግን ወራት ሊቆይ ይችላል። አያትሽ ያንን ሁሉ ሌሊት ከጎኑ ሆነው አሳልፈው ከሆነ፣ ያደረጉት ትንሽ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ነው ወሳኙ። ፍሬን የሚረግጥ ከጠፋ አእምሮም እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሳል። ተቀባዮቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፣ ስሜታቸውም ይመለሳል። ከመላመዱ ትልቁ ክፍል በቀናትና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ሰባት ሳምንት የቆየ ሰው፣ ሐኪም ፊት ሲቀርብ፣ መድኃኒቱን ነክቶ እንደማያውቅ ሰው ተደርጎ ነው የሚታሰበው። አሁን ያንን የድሮ ፍሬን በሙሉ ኃይል ብትረግጪው መኪናው ይቆማል። እዚህ ላይ መኪናው ትንፋሽ ነው።

«ሰውነቱ ጸዳ» የሚለው አባባል የሚያሳስተንም እዚህ ላይ ነው። ትራማዶል ከደም የሚወጣው በሁለት ሦስት ቀን ነው። የሚጠበቀው ነገር የደም መጽዳት ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ባለቀ ነበር። ሰባቱ ሳምንት የሠሩት ሌላ ሥራ ነው። መከታ ሆኖት የነበረውን መላመድ አፍርሰዋል። ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ ምክንያቱም ያለ መድኃኒቱ ተኝቶ መነሳት ችሏል። ግን መከታ የሌለው ሰው እንደ ባለ መከታ ከወሰደ ላይተርፍ ይችላል።

ይህ የእኔ ፍርሃት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት ከእስር የተፈቱ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቷል። ከወጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት በመድኃኒትና በዕፅ ብዛት የመሞት ዕድላቸው ከሌላው የግዛቱ ነዋሪ 129 እጥፍ ነበር። እስር ቤት ውስጥ መላመዱ ጠፍቷል፤ ሲወጡ ግን የሚያስታውሱት የድሮውን መጠን ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት ሆስፒታል ተኝተው ሱሳቸውን ያቆሙ ሰዎችን ተከታተለ። በአራት ወር ውስጥ በመጠን ብዛት የሞቱት ሦስት ሰዎች ሦስቱም ሕክምናውን ጨርሰው፣ መላመዳቸው ጠፍቶ የወጡት ነበሩ። አቋርጠው ከወጡት መካከል በዚህ መንገድ የሞተ አልነበረም። ይህን ያነበብኩ ጊዜ ብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። ጎበዙ ታማሚ ነው ይበልጥ የሚያሰጋው። ቤተሰብም ሐኪምም የሚመርቁት፣ አብሽር ብለው የሚሸኙት እሱን ነው።

እኔም ደሴ ውስጥ ስሠራ አንድ ወጣት በባጃጅ ተጭኖ ሲመጣ አይቻለሁ። ከንፈሩ አመድ መስሏል። እናቱ «ሁለት ወር ሙሉ ንጹሕ ነበር እኮ!» እያለች ደጋግማ ትናገር ነበር። እሷ የነገረችን ልጁ ያን ያህል ሊወስድ እንደማይችል ለማስረዳት ነበር። እኛ ግን የሰማነው ለምን እንደወደቀ ነው። ያ ልጅ ተርፏል፤ የተረፈውም እህቱ ሲያንኮራፋ ሰምታ ማንኮራፋቱ ስላልጣማት ነው።

መላመድ ሲመጣም እኩል አይመጣም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ለደስታውና ለእፎይታው ሰውነት በቶሎ ይለምዳል። ለትንፋሽ መዳከሙ የሚለምደው ዘግይቶ ነው፤ ሙሉ በሙሉም አይደለም። ለሆድ ድርቀቱ ከናካቴው አይለምድም ማለት ይቻላል። የደሴን ብርድ የሚያውቅ ሰው የከሰል ነገር ይገባዋል። በር ዘግተሽ ከሰል ብታቀጣጥዪ አፍንጫሽ ጭሱን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ማሽተት ይተዋል። ደረትሽ ግን መመረዙን አላቆመም። «አሁን አይሰማኝም፣ ልጨምር» የሚለው ሰውም እንደዚያ ነው። ያልተሰማው ደስታው ነው። ትንፋሹ ግን እየተዳከመ ነው።

መንቀጥቀጡንም በዚሁ ላንሳው። ትራማዶል በብዛት ሲወሰድ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል። ከጣሪያው ሲያልፍ ዕድሉ ያድጋል። ከዚህ የሚከላከል መላመድ የለም፤ ዓመት የወሰደም ሰው ሊወድቅ ይችላል። 12 እንክብል የሚወስድ ሰው ቤት ውስጥ ወድቆ ከተንቀጠቀጠ መጀመሪያ የምጠረጥረው መድኃኒቱን ነው። ዱዓው ይቀጥል፣ ማንንም አይጎዳም። ነገር ግን ያቺን ቀን ለሐኪም ሳትነግሩ እንዳትቀሩ። አንዴ የተንቀጠቀጠ ሰው ትራማዶልን ለህመምም ቢሆን ሊታዘዝለት አይገባም። ካርዱ ላይ ይጻፍለት።

ቦታውም ራሱ መድኃኒቱን ያስታውሳል። በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሼፐርድ ሲገልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 አይጦችን ሄሮይን አለማምደው ከፍ ያለ መጠን ሰጧቸው። ሄሮይን ቀምሰው ከማያውቁት 96 በመቶ ያህሉ ሞቱ። በለመዱበት ክፍል ከተሰጣቸው የሞቱት 32 በመቶ ያህል ናቸው። እኩል የለመዱ፣ ግን በማያውቁት ክፍል የተሰጣቸው ደግሞ 64 በመቶ ያህሉ ሞቱ። መድኃኒቱ ያው ነው፣ መላመዱም ያው ነው። የተለየው ክፍሉ ነው። ሰውነት መድኃኒቱ ሊመጣ መሆኑን ከቦታው፣ ከሽታው፣ ከሰዓቱ ያውቅና አስቀድሞ ይዘጋጃል። በማያውቀው ቦታ ሲመጣበት ሳይዘጋጅ ይይዘዋል። ስለዚህ ቤቱ የሚወስደውን ያህል ሚሌ አንድ አልጋ ቤት ውስጥ ብቻውን የወሰደ ሹፌር ያልጠበቀው ሊገጥመው ይችላል። ይኸው ነገር ሌላም ያስረዳሻል። ወረኢሉ ላይ አንዲት ፍሬ ሳይወስድ የቆየው ወንድምሽ ኮምቦልቻ ሲገባ እግሩ ማመም የጀመረው ለምን ይመስልሻል? ህመሙ ውሸት ነው አልልም። ግን የመኪናው ድምፅ፣ የጓደኛው ሱቅ፣ ያ መንገድ ሐራራውን ይቀሰቅሱታል። ሐራራ ደግሞ ብዙ ጊዜ የድሮውን ህመም መልክ ይዞ ይመጣል።

አንዴ ጠፍቶ የነበረ መላመድ ሲመለስ በፍጥነት ነው የሚመለሰው። መጀመሪያ ሁለት ዓመት የፈጀው ከሁለት ወደ 12 መውጣት በሁለተኛው ዙር በሳምንታት ሊያልቅ ይችላል። አእምሮ መንገዱን አይረሳም። «ሲያመኝ ብቻ» የሚለው ሰው በመጀመሪያው ቀን በሁለት እንክብል ይደሰታል፣ «አየሽ፣ ተቆጣጠርኩት» ይላል። በሳምንቱ ሁለቱ አይበቁትም። ግን ደስታው ቶሎ ሲለመድ ትንፋሹ ወደ ኋላ ቀርቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ውስጥ ነው አደጋው ያለው። አልፎ አልፎ መውሰድ የሚባለው ለእሱ የማይሠራውም ለዚህ ነው። በየመሐሉ ስላረፈ አልለመደም፤ ስላልለመደ ደግሞ እያንዳንዱ ቀን እንደ መጀመሪያ ቀን ነው።

ሌላ ነገር ከተደባለቀበት ጭንቀቴ ይጨምራል። አረቄ፣ ቢራ፣ ዳያዜፓም፣ ሌላም የእንቅልፍ መድኃኒት ከትራማዶል ጋር ትንፋሽን በጋራ ይይዛሉ። ብቻቸውን የማይገድሉ ሁለት መጠኖች አብረው ይገድላሉ። ጫት የሚቅም ከሆነ ደግሞ ምርቃናው እንቅልፉን ይሸፍነዋል፤ ነቅቻለሁ ብሎ ይጨምራል። ከዚያ በጨብሲ ሲሰብረው ምርቃናው ይሄዳል፣ ትራማዶሉና አልኮሉ ይቀራሉ። ጫትም ራሱ ለመንቀጥቀጡ አይበጅም። በረመዳን ያየሁትን ላክል። ቀን ጾሞ የሚውል ሰው የቀኑን ሁሉ ካፈጠረ በኋላ በአንድ ጊዜ ይወስዳል። መላመድ በአንድ ቀን አይጠፋም፤ ግን የተከፋፈለውን በአንዴ ማድረግ ለመንቀጥቀጥም ለትንፋሽም በሩን ይከፍታል። በወረቀት ወይም በላስቲክ ተቋጥሮ፣ ያለ ማሸጊያ የሚሸጠውንስ? ውስጡ ስንት ሚሊግራም እንዳለ ሻጩም አያውቅም። በምዕራብ አፍሪካ በአንድ ፍሬ ከ200 ሚሊግራም በላይ የያዘ ትራማዶል ተይዟል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ምክሬ አንድ ነው፣ ድርድርም የለውም። ወንድምሽ ትራማዶልን፣ ኮዴይንንም፣ ለህመምም ሆነ ለሌላ፣ ከእንግዲህ በራሱ አይንካ። ቤት ውስጥ የቀረ ካለ ዛሬውኑ ሰብስባችሁ ወደ ጤና ተቋም ፋርማሲ መልሱ፤ እንዲወገድ ስጧቸው። የኮቱን ኪስ፣ ፍራሹን፣ የመኪና ቦርሳውን እዩ። ይህን ከእሱ ደብቃችሁ አታድርጉት። አብራችሁ አድርጉት።

እግሩን ግን አትናቁት። ህመሙ ካልታከመ መልሶ ወደዚያው ይገፋዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያም የተሰበረ እግር መታየት አለበት። አጥንቱ በደንብ ገጥሟል? ብረት ካለው ላልቷል? ኢንፌክሽን አለ? ራጅ ይነሳ። ደሴ ሆስፒታል የአጥንት ሐኪም ጋ ይቅረብ። ለህመሙ ፓራሲታሞል አለ፤ አዋቂ በቀን ከ4 ግራም እንዳያልፍ። አይቡፕሮፌን ይረዳል፤ ጨጓራና ኩላሊት ካለበት ግን ሳይጠይቅ እንዳይወስድ። የነርቭ ህመም ከሆነ ሐኪም የሚያዝዛቸው ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። ፊዚዮቴራፒ ሰው ይንቀዋል፤ ለቆየ የእግር ህመም ግን ከብዙ እንክብል ይሻላል። አንድ ተስፋ ላክል። እንደ ትራማዶል ያለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ህመምን ሊያባብስ ይችላል። ካቆመ ጥቂት ወራት በኋላ እግሩ ከዛሬው ሊቀለው ይችላል።

ለሐራራው ደግሞ ብቻችሁን አትታገሉ። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። የአእምሮ ሕክምና ማለት እብድ ነህ ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብለሽ ንገሪው። ከባድ ከሆነ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። በሌሎች አገሮች ሜታዶን እና ቡፕረኖርፊን የሚባሉ መድኃኒቶች በክትትል እየተሰጡ ብዙ ሰው አትርፈዋል። እኛ ጋ በየከተማው ተጠይቀው የሚገኙ አይደሉም። ስለዚህ የእናንተ ትልቁ መሣሪያ ክትትል፣ ሥራ፣ የሚያናግረው ሰው ነው። ምናልባት ለጊዜው ወደዚያው የከባድ መኪና ሥራ ባይመለስ።

ይህን ስታነቢ «እኔም እወስዳለሁ» የሚል ሰው ቤት ውስጥ ካለ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በየቀኑ እየወሰደ ያለ ሰው ነገ ጠዋት ድንገት አያቁም። ሐራራው ይከብዳል፤ ተስፋ ቆርጦ በአንድ ጊዜ ብዙ ይወስዳል። በሐኪም እየታየ ቀስ በቀስ ይቀንስ፤ ለምሳሌ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ከሚወስደው ከመቶ አሥሩን ያህል። ለካንሰር ህመም ሞርፊን የሚወስድ ዘመድ ያላችሁም ይህን አንብባችሁ እንዳትነጥቁት። መላመድ ሱስ አይደለም። መላመድ ሰውነት መድኃኒቱን መቋቋሙ ነው። ጥገኝነት ሲቋረጥ ሐራራ መምጣቱ ነው። ሱስ ደግሞ ኑሮ እየፈረሰም ማቆም አለመቻል ነው። የካንሰር ታማሚ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሊያሳይ ይችላል። ህመሙ ግን በሐኪም መጠን መታገስ አለበት።

አሁን የማልወደውን ግን የግድ የምለውን ልበል። ሰው ይሰናከላል። ወንድምሽ ቢሰናከል ተደብቆ እንዳይሆን። ከእኔ ወይም ከፋርማሲስት የምትሰሙት «አስተማማኝ መጠን» የለም፤ ትንሹም ለእሱ አዲስ ነው። ብቻውን ከሆነ፣ በር ከቆለፈ፣ ከጠጣ፣ ለማዳን ዕድል የለም። ስለዚህ ዛሬ ደህና እያለ ንገሪው፦ «ከወሰድክ ንገረኝ፤ አልጮህብህም፤ ዝም ብዬ ካጠገብህ እቀመጣለሁ።» ቃልሽንም ጠብቂ።

ምልክቶቹን ያዢ። ሲጠሩት ወይም ትከሻውን ሲነቀንቁት የማይነቃ፤ በደቂቃ ከ10 ወይም ከ12 ያነሰ ትንፋሽ፤ እንደ ውኃ የሚንቦጫረቅ ማንኮራፋት፤ የገረጣ ወይም የጠቆረ ከንፈርና ጥፍር። «ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት» የሚባለው ንግግር ብዙ ሰው ገድሏል። ወዲያው በጎኑ አስተኙት፣ አፉን አጽዱ። ትንፋሹ ከቆመ አገጩን ቀና አድርጋችሁ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ፣ በአፉ በየአምስት ሰከንዱ አንዴ ትንፋሽ ስጡት። ሌላው ሰው መኪና ይጥራ። ቡና፣ ወተት፣ ሎሚ ወደ አፉ አታፍሱ፤ ያንቀዋል። ቀዝቃዛ ውኃ አትድፉበት። እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ክብሪት አታሽቱት፣ ማንኪያም ጥርሱ መሐል አታስገቡ፤ ጭንቅላቱን ብቻ ከመሬት ጠብቁለት።

ሆስፒታል ስትደርሱ «ትራማዶል ወስዷል፣ ሰባት ሳምንት አቁሞ ነበር» በሉ። ሁለቱንም። እዚያ ናሎክሶን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ተቀባዩን ከትራማዶሉ ላይ ነጥቆ ትንፋሽን ይመልሳል። ትራማዶል ላይ ግን ሥራው ከፊል ነው፤ መንቀጥቀጡን አያስቆምም። የሚቆየውም ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ትራማዶሉ ከዚያ በላይ ይቆያል። ስለዚህ ነቅቶ «ደህና ነኝ፣ ቤቴ ውሰዱኝ» ቢልም ባለሙያው ሳይለቀው አትውሰዱት።

ቀጠሮ ስትሄዱ የድሮውን ማሸጊያ ካገኛችሁት ይዛችሁ ሂዱ። በቀን ስንት እንደነበረ፣ መቼ እንዳቆመ፣ የወደቀበትን ቀን፣ ሌላ የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ በወረቀት ጻፊ። በተለይ የድብርት መድኃኒት ካለ። እሱ ራሱ ይናገር፤ አንቺ የረሳውን አስታውሺው። «ትራማዶል ወይም ኮዴይን አይታዘዝለት» የሚለው ካርዱ ላይ ሳይጻፍ ከክፍሉ እንዳትወጡ።